ያረጀው ስልኩ ነው ወይስ ዓይናችን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በዚህ ወር የማነሳላችሁ ጉዳይ ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ ከገዛ እህቴ ቤት የወጣ ነው። እርሷም «ስሜን አትጥቀስ እንጂ ጻፈው፤ የእኔ ቢጤ እናት ብዙ ናት» ብላ ፈቅዳልኛለች።

እህቴ ባሏ ወደ አኺራ ከሄደ ስድስት ዓመት ሆኖታል። እዚሁ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር በኪራይ ቤት ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። መተዳደሪያዋ ልብስ ስፌት ነው፤ ነገር ግን የምትሰፋበት መኪና የሰው ነው። ከምታገኘው ላይ ለመኪናው ባለቤት ትከፍላለች፤ የተረፈው ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ይሄዳል። የራሷን መኪና ለመግዛት ስታስብ ኖራ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአፏ እየነጠቀች እቁብ ስትጥል ቆይታ፣ በቅርቡ ዕጣው ወጣላት። ሃያ አራት ሺህ ብር እጇ ገባ። አልሐምዱሊላህ።

ገንዘቡ ቤት በገባ በሦስተኛው ቀን ትልቁ ልጇ አኮረፈ። ዘንድሮ ኮሌጅ የገባ፣ ሶላቱን የማይተው፣ ለእናቱ ታዛዥ የነበረ ልጅ ነው። «ስልኬ አርጅቷል፤ ጓደኞቼ ሁሉ ቀይረዋል፤ በዚህ ስልክ መማር አልችልም» አለ። እናቱ ዝም ስትለው ከማዕድ ቀረ። ሲጠሩት «አልራበኝም» ማለት ጀመረ።

አንድ ምሽት ከመግሪብ በኋላ እህቴ ቤቴ መጣች። ነጠላዋን እንደተከናነበች ቁጭ አለችና «ወንድም ጋሼ፣ እኔ ከልጄ ጋር መጣላት ደከመኝ። አባት የለው፣ ሆዱ እንዳይባባ እፈራለሁ። መኪናው ይቅርና ስልኩን ልግዛለት?» አለችኝ።

እኔም ወዲያው «አይሆንም» አላልኳትም። የልጅን ፍላጎት ሳያዩ ማጣጣል ተገቢ አይደለም። «ነገ እኔ ከእርሱ ጋር ፒያሳ እወጣለሁ። ስልኩ በእውነት ከሞተ እንነጋገራለን» ብዬ ሸኘኋት።

ልዋጭ!

ጎንደርን የሚያውቅ ሁሉ ፒያሳን ያውቃል። ስሟ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ከተማዋን ይዞ በቆየበት ዘመን የተረፈ ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ ወጣቱ የሚንሸራሸርባት፣ አዲስ ልብስም አዲስ ስልክም የሚታይባት እርሷ ናት። ለወጣት ልጅ ፒያሳ መውጣት በሰው ዓይን ሚዛን ላይ እንደመውጣት ነው።

መጀመሪያ የገባነው ስልክ መሸጫ ነበር። ሻጩ ጨዋ ልጅ ነው። የልጃችንን ስልክ ተቀብሎ ገልበጥ አደረገና፣ ሳይከፍተው «ይሄ እኮ ጊዜው አልፎበታል» አለ። «በልዋጭ ላድርግላችሁ። ይሄን በሁለት ሺህ እይዘዋለሁ። አዲሱ ሃያ አንድ ሺህ ነው። አሥራ ዘጠኝ ሺህ ብር ብቻ ትጨምራላችሁ።»

«ብቻ» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ።

እኛ ልጆች ሳለን «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩ ሰዎች ነበሩ። እናቶቻችን ያለቀ ልብስ፣ የተበጠሰ የላስቲክ ጫማ፣ ባዶ ጠርሙስ ያወጡላቸውና ሳህን ወይም ኩባያ ይወስዱ ነበር። ያን ጊዜ ለልዋጭ የሚወጣው ነገር በእርግጥ ያለቀለት ነበር፤ በምላሹም ቤት ውስጥ የጎደለ ዕቃ ይገባ ነበር። የዛሬው ልዋጭ ግን የሚሠራ ዕቃ አስረክበን፣ በላዩ የእናታችንን የሁለት ዓመት እቁብ ጨምረን፣ ያንኑ የነበረንን ዓይነት ዕቃ ይዘን የምንመለስበት ሆኗል። በሻጩ አልፈርድም። እንጀራው ነው፤ ሐላል ንግድም ነው። የቤታችንን ጉድለት አይቶ ሒሳብ መሥራት ግን የእርሱ ሳይሆን የእኛ ድርሻ ነው።

«እናስብበት» ብለን ወጣን። ልጁ ፊቱ ጠቆረ።

ስልኩ ሲከፈት

ከዚያ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አጉሊ መነጽር ዓይኑ ላይ አድርጎ ወደሚሠራ ጠጋኝ ወሰድኩት። ጠጋኙ ወሬ አላበዛም፤ «ምኑን ነው የሚያመው?» አለ፣ እንደ ሐኪም። ልጁም ዘረዘረ፤ ቻርጅ አይዝም፣ ይግላል፣ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴ በራሱ ይጠፋል።

ጠጋኙ ጀርባውን ሲከፍተው ባትሪው አብጦ ነበር። «በዚህ መጠቀማችሁ አደጋ ነው፤ ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ስልኩ ግን ደህና ነው» አለን። ባትሪውን በዘጠኝ መቶ ብር ቀየረው። የቻርጅ ማስገቢያው ውስጥ የተጠቀጠቀውን ብናኝ አጸዳ። ቀጥሎ ሜሞሪውን አሳየን፤ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከሞላው ውስጥ ትልቁ ልጁ አንድም ቀን ከፍቶ ያላያቸው፣ ቴሌግራም በራሱ እያወረደ ያጠራቀማቸው ቪዲዮዎች ነበሩ። ያንን አጠፋለት፤ በራሱ ማውረዱንም ዘጋው። አርባ ደቂቃ አልፈጀም። ስልኩ ሲበራ ልጁ ራሱ በረጅሙ ተነፈሰና «እንደ ድሮው ሆነ» አለ።

ይህን የማወራው ጠጋኝን ለማስተዋወቅ አይደለም። ብዙዎቻችን «አረጀ» የምንለው ነገር ምን እንደሆነ ስለማናውቅ ነው። በስልካችን ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ በተሞላ ቁጥር አቅሙ ትንሽ ትንሽ የሚቀንስ ነው። አፕል ኩባንያ ራሱ እስከ አይፎን 14 ድረስ ላሉት ስልኮቹ፣ 500 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተሞልተው ካለቁ በኋላ ባትሪው ከመጀመሪያ አቅሙ 80 በመቶውን እንዲይዝ ተደርጎ መሠራቱን ይናገራል። በየቀኑ ለሚሞላ ሰው ይህ የአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ጊዜ ነው። እንግዲህ የደከመው አንድ ክፍል ሳለ እኛ ዕቃውን በሙሉ እንጥላለን። የመብራት አምፖል የተቃጠለበት ሰው ቤቱን ይሸጣል?

ነገሩን አምራቾቹም ያውቁታል። አፕል ባትሪያቸው የደከመ የቆዩ አይፎኖችን ፍጥነት በሶፍትዌር ይቀንስ እንደነበር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 አምኗል። ምክንያቱ ስልኩ ድንገት እንዳይጠፋ ለመከላከል ነው ብሏል። ነገር ግን ባለቤቶቹ አልተነገራቸውም ነበር። ስልኩ ሲንቀራፈፍባቸው ስንቶቹ አዲስ ለመግዛት እንደተነሡ አላህ ያውቃል። ጉዳዩ ሲጋለጥ ኩባንያው ባትሪ የሚቀይርበትን ዋጋ ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር አወረደ፤ ባትሪ የተቀየረለት ስልክም ወደ ፍጥነቱ ተመለሰ። የጣሊያን የውድድር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 በሶፍትዌር ማሻሻያ ምክንያት በተንቀራፈፉ ስልኮች ጉዳይ አፕልን 10 ሚሊዮን ዩሮ፣ ሳምሰንግን 5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ2020 ለተጠቃሚው አልነገርክም ብላ አፕልን 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣች። ከሩቅ አገር የተሰማ ፍርድ ቢሆንም፣ ፒያሳ ላይ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ያየነውም ይህንኑ ነው፤ ስልክ ሲዘገይ ሁልጊዜ ሞቷል ማለት አይደለም።

እውነተኛው ሕመም

ከጠጋኙ ወጥተን ሻይ ይዘን ተቀመጥን። «አሁንስ?» አልኩት። ልጁ ዝም አለ። ስልኩ ተሠርቷል፤ ፊቱ ግን አልተፈታም። ጥቂት ቆይቶ አቀርቅሮ እንዲህ አለኝ፤ «አጎቴ፣ እውነቱን ልንገርህ? ፎቶ ስንነሣ በእኔ ስልክ የሚነሣ የለም። አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው አንዱ ‹ይሄን ሙዚየም ውሰደው› አለ። ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ከኪሴ ማውጣት አፍራለሁ።»

እግዚኦታው እዚህ ነበር። ባትሪ በዘጠኝ መቶ ብር ይቀየራል፤ እፍረት ግን በሃያ አንድ ሺህ ብርም አይጠገንም። ምክንያቱም የዛሬው አዲስ ስልክ ከዓመት በኋላ ሌላ አዲስ ይወጣበታል፤ ያው ሳቂም ያኔ ይስቃል።

እኔ በልጁ አልሳቅኩበትም፤ «ይህ ቀልድ ነው» ብዬም አላቃለልኩበትም። በእርሱ ዕድሜ እኔም ባለ ቁልፍ የእጅ ሰዓት አጥቼ ያለቀስኩ ሰው ነኝ። ነገር ግን አንድ ታሪክ ነገርኩት። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) አንድ ቀን ሶሓባውን ጃቢርን (ረ.ዐ.) ሥጋ ይዞ አገኙት። ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁት፣ ሥጋ አማረንና ገዛሁ አላቸው። እርሳቸውም ያማረህን ሁሉ ትገዛለህን ብለው ገሠጹት። ሥጋ ሐራም ሆኖ አይደለም። ጃቢርም ሌባ ወይም አባካኝ ሆኖ አይደለም። ዑመር የፈሩት «አማረኝ» የሚለው ቃል ብቻውን የመግዣ ምክንያት እንዳይሆን ነው። የሰው ነፍስ አንድ ጊዜ «አማረኝ» ብላ ካገኘች ሁለተኛ አትለምንም፤ ታዛለች።

ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) በዱንያ ጉዳይ ከእኛ በላይ ወዳለው ሳይሆን ከእኛ በታች ወዳለው እንድንመለከት አስተምረውናል። ይህም አላህ የዋለልንን ኒዕማ እንዳንንቅ የሚጠብቀን ነው። ልጃችን በጓደኞቹ መካከል ሲቀመጥ ስልኩ የመጨረሻ ነው። ወደ አያቱ መንደር ሲወጣ ግን ያው ስልክ የመጀመሪያ ነው። የተለወጠው የተመለከተበት አቅጣጫ እንጂ ስልኩ አይደለም።

የልጁ አያት ከዳባት ወዲያ በደጋው ይኖራሉ። ባለ ባትራ ትንሽ ስልክ አላቸው፤ ቁልፎቹ ላይ ያለው ቁጥር ተፍቋል። ኔትወርክ ለማግኘት ከቤታቸው በላይ ያለውን ጉብታ ይወጣሉ። አንድ ጊዜ ከተሞላ ቀናት ይቆይላቸዋል። በየጁሙዓው ለልጆቻቸው፣ ለልጅ ልጆቻቸው፣ ለታመመ ጎረቤት ሁሉ ይደውላሉ። «አያትህ በዚያ ስልክ ሲለተረሕም ይቀጥላሉ» አልኩት። «አንተ ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ደወልክላቸው?» መልስ አልሰጠኝም፤ ሻዩን አማሰለ።

ጥቅሉስ?

የልጁ ጥያቄ ስልክ ብቻ አልነበረም። በየወሩ ያልተገደበ የኢንተርኔት ጥቅል እንዲገዛለትም ይፈልግ ነበር። «በትንሹ ጥቅል አይበቃኝም» ይላል። እዚያው ተቀምጠን የስልኩን ማስተካከያ ከፍተን ባለፈው ወር የተጠቀመውን ቆጠርን። ሰባት ጊጋ ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሄደው ያ ቴሌግራም በራሱ ባወረዳቸው፣ እርሱ ባላያቸው ቪዲዮዎች ነው። ለትምህርቱ ያወረደው ጽሑፍ ሁሉ ተደምሮ አንድ ጊጋ አልሞላም። እንግዲህ «አይበቃኝም» ያለው ቀዳዳ እንስራ ይዞ ውኃ አነሰኝ እንደሚል ሰው ነበር። ቀዳዳውን ደፈንነው፤ ትንሹ ጥቅል በቃ።

ጥቅል ስትገዙ ይህን አስቡ። የምትገዙት የሚያስፈልጋችሁን ነው ወይስ ሻጭ «ትንሽ ብትጨምር ይሻልሃል» ያላችሁን? ያልተገደበ ጥቅል የሚያዋጣቸው ሰዎች አሉ፤ በኢንተርኔት ሠርተው የሚያድሩ፣ አንዱን መስመር ለቤተሰብ የሚያካፍሉ። ለሌሎቻችን ግን ያልተገደበ ጥቅል ብዙ ጊዜ የሚጨምርልን ጥቅም ሳይሆን ከፈጅር በፊት ሳይተኙ ማደር ነው። የገንዘብ ብክነት በጊዜ ብክነት ላይ ይደመራል፤ አላህ (ሱ.ወ.) ደግሞ ስለ ሁለቱም ይጠይቀናል።

የኔትወርክ ትውልድም እንዲሁ ነው። አምስተኛው ትውልድ፣ ማለትም 5ጂ፣ በአገራችን በግንቦት 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በሙከራ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ «5ጂ የሌለው ስልክ ስልክ አይደለም» የሚል ወሬ በየሱቁ ይሰማል። ነገር ግን ስልክ የሚሠራው በአቅራቢያው ያለው ማማ በሚሰጠው ልክ ነው። ማማው 4ጂ ብቻ ከሰጠ ባለ 5ጂውም ስልክ በ4ጂ ይሠራል። ሰው ለማይሄድበት መንገድ ጫማ አይገዛም።

እኛ የዚህ ክልል ሰዎች ደግሞ ይህን ከማንም በላይ እናውቃለን። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ የሃምሳ ሺህ ብር ስልክ የያዘውም የሁለት ሺህ ብር ስልክ የያዘውም እኩል ነበሩ። ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ ስልኩ ጠርቶ «ደህና ነን» የሚል ድምፅ መስማት። በዚያ ሰሞን «ስልክህ ስንተኛው ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። ሁሉም የሚጠይቀው «ደውለህላቸው አገኘሃቸው?» ብሎ ነበር። አላህ ያንን ዓይነት ጊዜ አይመልስብን፤ ትምህርቱን ግን አንርሳው።

በብድር የመጣ ውበት

ለእህቴ ልጅ ገንዘቡ ከእናቱ እቁብ ሊመጣ ነበር። እናት እቁብ የሌላት ልጅስ ከየት ያመጣል? እዚህ ላይ ወላጆች ጆሮ ስጡኝ።

ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስልክም ሆነ መለዋወጫው ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዋጋው ወጣ። የሰው ገቢ ግን በዚያው ልክ አልወጣም። ፍላጎትና ገቢ ሲራራቁ መካከሉን የሚሞላው ብድር ነው። ብድር ደግሞ ዛሬ ሩቅ አይደለም፤ ስልኩ ውስጥ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር በኩል «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ የብድር አገልግሎቶች ከባንክ ጋር በመተባበር ቀርበዋል። ሰው ዋስ ሳይጠራ፣ ሽማግሌ ሳይልክ፣ ማንም ሳያየው ቁልፍ ነክቶ ይበደራል። ለንግዱ የቸገረውን የረዳ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እኛ ሙስሊሞች ቁልፉን ከመንካታችን በፊት ልንጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ የምመልሰው ከወሰድኩት ይበልጣልን? የሚበልጥ ከሆነስ ብልጫው ምንድን ነው? ስሙ ምንም ተብሎ ቢጠራ ነገሩን ዓሊሞችን ጠይቁ። ሪባ በስሙ መለወጥ ሐላል አይሆንም። ከወለድ ነፃ የሆነ አማራጭ በአገራችን አለ፤ ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ለዚሁ ነው።

ሐላል ብድርም ቢሆን ለማማር የሚወሰድ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሶላታቸው ውስጥ ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ ነበር። ለምን ይህን ያህል ከዕዳ እንደሚጠበቁ ሲጠየቁም፣ ባለ ዕዳ ሰው ሲናገር እንደሚዋሽ፣ ቃል ሲገባ እንደሚያፈርስ ገለጹ። ይህን በዓይናችን አይተናል። አበዳሪው ሲደውል «የለም በሉት» የሚል ሰው በአዲስ ስልኩ ላይ የድሮ ወዳጁን ቁጥር ዘግቶ ይቀመጣል። ስልኩ አዲስ ነው፤ ወዳጁን ግን አጥቷል።

ታዲያ ስልክ አይለወጥ?

አንባቢ «ይህ ሰው አሮጌ ስልክ መያዝን ዒባዳ አደረገው» እንዳይለኝ። ኢስላም በአሮጌ ዕቃ መኩራትን አያስተምርም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ፉርቃን ያመሰገናቸው ባሮቹ ሲያወጡ የማያባክኑትን የማይሰስቱትንም፣ በሁለቱ መካከል የሚሄዱትን ነው። በሱረቱል ኢስራእ ደግሞ አባካኞችን የሸይጧን ወንድሞች አድርጎ ገልጿቸዋል። መንገዱ መካከለኛው ነው።

ስለዚህ ስልክ የሚለወጥበት ጊዜ አለ። ጠጋኝ አይቶት ጥገናው ከስልኩ ዋጋ ሲበልጥ ይለወጣል። ለሥራ ወይም ለትምህርት የግድ የሆነ ነገር በፍጹም ሲያቅተው ይለወጣል። አምራቹ የደኅንነት ማሻሻያ መስጠት ካቆመ ዓመታት ያለፉት ስልክ ላይ የባንክ ገንዘብ ማንቀሳቀስም አያስተማምንም፤ ያን ጊዜ አቅም እንደፈቀደ መለወጥ ጥንቃቄ ነው። ሲለወጥም ደህና የተያዘ ያገለገለ ስልክ ሥራውን ይሠራል፤ የግድ ማሸጊያው ያልተቀደደ መሆን የለበትም።

አንድ የአዲስ ዓለም ሽማግሌ፣ ሐጂ ናቸው፣ ይህን ስነግራቸው ሳቁ። የሰፈራችንን ታሪክ ታውቃላችሁ። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668 የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሙ ተለይቶ እንዲኖር ከወሰነ በኋላ «እስላም ቤት» የተባለው፣ ኋላም አዲስ ዓለም የተባለው ሰፈር የነጋዴዎች መንደር ነበር። አያቶቻችን እስከ ምጽዋና እስከ መተማ ድረስ ይነግዱ ነበር። ሐጂም «አባቴ ሲነግሩኝ፣ ሲራራ ነጋዴ በቅሎውን የሚለውጣት ስትደክም ነው። ባልንጀራው ባለ ብር ኮርቻ በቅሎ ስለገዛ የለወጠ ግን በሁለተኛው ጉዞ በእግሩ ይመለሳል፤ መነገጃውን ኮርቻ ላይ ጭኖታልና» አሉኝ።

የእህቴ መነገጃ ያ የስፌት መኪና ነው።

እኛ ወላጆችስ?

ይህን ሁሉ ለወጣቱ ብቻ ከተናገርኩ በደል ነው። ልጁ ይህን ዓይን ከየት አመጣው? ሠርግ ላይ ስልካችንን ጠረጴዛ ላይ ገልብጠን ማርካውን የምናሳይ እኛ ነን። እንግዳ ሲመጣ «የእገሌ ልጅ ከሳዑዲ የላከላት ስልክ» ብለን የምናወራ እኛ ነን። ልጁ ቁርኣን ሲያኸትም በአንድ ሰሐን ቴምር አልፈን፣ ክፍል ሲያልፍ «ስልክ እገዛልሃለሁ» የምንል እኛ ነን። ከዚያ ልጁ የሰውን ክብር በስልክ ሲለካ እንገረማለን።

ያ «ሙዚየም ውሰደው» ያለው ልጅም የአንዳችን ልጅ ነው። ልጆቻችን እንዳይለምኑ ከምናስተምራቸው እኩል፣ በሰው ዕቃ እንዳይስቁ ማስተማር አለብን። በሰው ላይ መሳለቅን አላህ ከልክሎታል። አንዲት ሳቅ የአንዲትን ባል የሞተባት እናት የሁለት ዓመት ቁጠባ ልታስወጣ ምን ያህል እንደቀረባት አይታችኋል።

ማን ቀድሞ ተናገረ?

በዚያ ምሽት ልጁን ወደ እናቱ መለስኩት። እኔ ለመናገር አፌን ሳልከፍት እርሱ ቀደመኝ። «እማ፣ ስልኩ ተሠርቷል፤ መኪናውን ግዢ» አላት። ከዚያም ራት ቀረበና አብሯት በላ። እህቴ እንዳታለቅስ ወደ ጓዳ ገባች።

ልጁ መላእክት አልሆነም። በሳምንቱ ፒያሳ ላይ አገኘሁት፤ የስልክ መሸጫውን መስታወት አሻግሮ እያየ ቆሟል። እኔን ሲያይ ፈገግ አለና «ማየት በነጻ ነው፣ አጎቴ» አለኝ። ፍላጎቱ አልጠፋም፤ እንዲጠፋም አልጠበቅሁም። ቀናዓ ማለት ምኞት ማጣት ሳይሆን ምኞት እንዳያዝዘን መግታት ነው። መኪናው ግን ተገዝቷል። ያገለገለ ነው፤ እንደ አዲስ ይሠራል። እህቴ ለዒድ የሚሰፋ ልብስ ከአሁኑ ተቀብላለች። ከመጀመሪያው ሥራዋም ለዚያው ልጅ ጀለቢያ ሰፍታለታለች።

ውድ አንባብያን፣ የዚህ ወር የቤት ሥራችን ይህ ይሁን። ስልክ ወይም ጥቅል ለመለወጥ ስታስቡ በቤተሰብ ተቀምጣችሁ ሦስት ነገር ተጠያየቁ። አንደኛ፣ የያዝነው ስልክ በእርግጥ ማድረግ ያቃተው ነገር ምንድን ነው? በቃል ተናገሩት፤ መልሱ «አረጀ» ብቻ ከሆነ መልስ አይደለም። ሁለተኛ፣ ጠጋኝ አይቶታል? ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ከየት ይመጣል፣ በእርሱ ምክንያትስ ቤት ውስጥ የሚቀረው ነገር ምንድን ነው? ሦስቱንም ከመለሳችሁ በኋላ የምትገዙ ከሆነ በሐላል ግዙ፤ አላህ ይባርክላችሁ። የተረፈ ነገር ካለም ከእርሱ ለጎረቤት ሰደቃ አውጡ። በትንሹ ጥቅል የተረፈች ብር የጎረቤትን ልጅ ደብተር ልትገዛ ትችላለች።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ አድርጉ። ያላችሁን ስልክ አንሱና፣ የትኛውም ዓይነት ይሁን፣ ከደወላችሁለት የቆያችሁ አንድ ዘመድ ጋ ደውሉ። እዚያ ደጋ ላይ ጉብታ ወጥቶ ድምፃችሁን የሚጠብቅ ሊኖር ይችላል።

አላህ (ሱ.ወ.) በሰጠን የምናመሰግን፣ በሌለን የማንዋረድ፣ በሰው ዕቃ የማንስቅ ባሮቹ ያድርገን። የምናገኘውን ሐላል፣ የምናወጣውን በረካ ያድርግልን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።